የታመመው ማነው፤ እኛ ወይስ ወረቀቱ?

ባለፈው ዓመት ከዕረፍት በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን አንዱ ታመመ። ራሱን ፈለጠው፤ አንቀጠቀጠው፤ እህል አስጠላው። ቆሰበር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብና ጭጋግ የማያጣት ከተማ ስለሆነች «ብርድ መትቶህ ነው፤ ያልፋል» አልነው። በሦስተኛው ቀን ሲብስበት ደጋግፈን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ሙቀቱን የለካው አልነበረም። ዕረፍቱን የት እንዳሳለፈ የጠየቀውም የለም። ደም ተቀዳለት፤ ጥቂት ከቆየን በኋላም አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወጣች። በወረቀቷ ላይ ታይፎይድም ታይፈስም እንዳለበት በመደመር ምልክት ተመልክቷል። ጓደኛችን ሁለት ዓይነት መድኃኒት ገዝቶ ተመለሰ፤ የወር ወጪውም በዚያው አለቀ።

መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጠ። ሆኖም በአምስተኛው ቀን ሌሊት መቃዠትና የማያገናኝ ነገር መናገር ጀመረ። ተሸክመን ሆስፒታል ስናደርሰው ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ወባ ነበር። ልጁ ዕረፍቱን ያሳለፈው ጃዊ ከወላጆቹ ዘንድ ነው። ጃዊ ወባማ ቆላ መሆኑን ደግሞ በአዊ ምድር የማያውቅ የለም። ጓደኛችን በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ዳነ። ዳሩ ግን የመንፈቁ ፈተና አመለጠው፤ እኛም ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ጥያቄ ከልባችን አልወጣ አለ። ለመሆኑ የታመመው ማን ነበር? ልጁ ወይስ ወረቀቱ?

ይህን የምንጽፈው ያንን ክሊኒክ ለመክሰስ አይደለም። ብንከስማ ከተከሳሾቹ መካከል እኛም እንቆማለን፤ «ደሙን መርምሩልን፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት እዘዙለት» ብለን የወተወትነው እኛው ነበርን። የምንጽፈው በተማሪው ዘንድ ልማድ ሆኖ የቆየ አንድ ስሕተት እንዲታረም ነው። ይኸውም ትንሹን ሕመም አግዝፈን፣ ትልቁን አቃለን የማየት ልማድ ነው።

በአገራችን ታይፎይድና ታይፈስ እንደ መንታ ወንድማማቾች አብረው ይጠራሉ። «ምን ነካህ?» ሲባል «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ መመለስ የሰላምታ ያህል ቀሏል። ነገር ግን ሁለቱ በሽታዎች በስም እንጂ በዘር አይገናኙም። የአንጀት ተስቦ የምንለው ታይፎይድ በዓይነ ምድር ከተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣ ሲሆን ምክንያቱ ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ወረርሽኝ እየሆነ የኖረው ታይፈስ፣ ማለትም ተስቦ፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ገርሃርድ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን በፊላደልፊያ ያስረዳው በ1837 እ.ኤ.አ. ነበር። በሳይንስ ከተፋቱ ይህን ያህል ዘመን የሆናቸውን በሽታዎች እኛ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ መልሰን እናጋባቸዋለን።

አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም አንልም። ነገር ግን ከአንድ ዶርም ስድስት ተማሪ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ያዙት ቢባል፣ ሊጠየቅ የሚገባው ተማሪው ሳይሆን ምርመራው ነው።

ምርመራው ምንድን ነው? ለታይፎይድ የሚደረገው በፈረንሳዊው ሐኪም በፈርናን ዊዳል ስም የተጠራ ሲሆን የታወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ለታይፈስ የሚደረገው ደግሞ ዌይልና ፌሊክስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። የዊዳል አሠራር እንዲህ ነው። የተገደለ የታይፎይድ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ይዘጋጃል። ከበሽተኛው ደም የተለየው ውኃ፣ ማለትም ሴረሙ፣ ይጨመርበታል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራው ፀረ አካል በሴረሙ ውስጥ ካለ፣ ፈሳሹ እንደሚረጋ ወተት ቋጠሮ ቋጠሮ ይላል። በወረቀቱ ላይ የምናያቸው 1 ለ 80፣ 1 ለ 160 የሚባሉት ቍጥሮች ሴረሙ ምን ያህል ቀጥኖ እንኳ እንዳቋጠረ የሚያመለክቱ ናቸው።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳየንም። የሚያሳየን ሰውነታችን ያንን ባክቴሪያ፣ ወይም ዘመዱን፣ አንድ ቀን ያገኘው መሆኑን ነው። ዱካውን እንጂ ጅቡን አያሳየንም፤ ዱካውም የትናንት ሌሊት ይሁን የአምና አይለይም። ውኃው በተበላሸበት አገር ያደገ ሰው እነዚህን ተሐዋስያን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያገኛቸው ስለሚኖር፣ ጤነኛም ሆኖ ደሙ ሊያቋጥር ይችላል። ወባን የመሰለ ሌላ ትኩሳትም ምርመራውን ሊያሳስተው ይችላል። የዌይልና የፌሊክስ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው፤ የሚሠራው ታይፈስን በሚያመጣው ተሐዋሲ ሳይሆን ፕሮቲየስ በሚባል በሌላ ባክቴሪያ ነው። ዊዳል በደንቡ ቢሠራበት ኖሮ ደም ሁለት ጊዜ፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ልዩነት ተወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ መጨመሩ ይታይ ነበር። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጠብታ ፍርድ መስጠት ግን አንድ ምስክር ሰምቶ ሰው እንደ መቅጣት ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ የአገራችን ሊቃውንት የሠሩትን እንጥቀስ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትኩሳት ይዟቸው የመጡና ታይፎይድ ይሆናል የተባሉ 270 በሽተኞች ደማቸው በሁለት መንገድ ተመረመረ፤ በዊዳልና በደም ካልቸር። ካልቸር ማለት ደሙን በሚመች ምግብ ውስጥ አኑሮ ባክቴሪያው እስኪበቅል ጠብቆ ራሱን ማየት ነው። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ካልቸሩ የታይፎይድን ባክቴሪያ ያገኘው በ7 ሰዎች ደም ውስጥ ብቻ ነበር። በ4 ሰዎች ደግሞ ፓራታይፎይድ ተገኘ። ዊዳል ግን 88ቱን ሰዎች «አለባቸው» አለ። ከነዚህ ከ88ቱ መካከል ካልቸሩ ታይፎይድ መሆናቸውን የመሰከረላቸው 5 ብቻ ናቸው። ከሰባቱ እውነተኛ በሽተኞች ሁለቱን ደግሞ ዊዳል «የለባችሁም» ብሎ አሳልፏቸዋል።

ነገሩን ወደ ገበያ እንውሰደው። በቅዳሜ ገበያ 270 ሰው አለ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ሌባው 7 ነው። አንድ ዘበኛ 88 ሰው አንቆ ይዞ «ሌባ! ሌባ!» ይላል። ሲጣራ 5 ሌቦች ተገኙ፤ 83ቱ በከንቱ ተዋረዱ፤ ሁለት ሌቦች ደግሞ በሌላ በር ወጡ። እንዲህ ያለውን ዘበኛ የትኛው ከተማ ያሰነብተዋል? እኛ ግን ከፍለን እናሠራዋለን።

«ካልቸርም እኮ ፍጹም አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በተለይ በሽተኛው አስቀድሞ መድኃኒት ከዋጠ፣ ወይም የተቀዳው ደም ካነሰ ካልቸርም ብዙ ያመልጠዋል። ነገር ግን እውነተኞቹ በሽተኞች ካልቸሩ ካገኛቸው እጥፍ ናቸው ብንልና ዊዳል ሁሉንም አግኝቷል ብንል እንኳ፣ ከ88ቱ መካከል የሚበዙት ያለ በሽታቸው መድኃኒት የዋጡ መሆናቸው አይቀርም።

«ታዲያ ምን ይጎዳል? መድኃኒቱን ቢወስድ ምን ይሆናል?» የሚለውም ጥያቄ ሲነሣ እንሰማለን። ጉዳቱ ሦስት ነው።

አንደኛው እውነተኛው በሽታ መሸሸጉ ነው። ከቆሰበር የሚነሣው መንገድ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል፤ ከዳንግላ ደግሞ ወደ ጃዊ ይወርዳል። ተማሪውም ነጋዴውም ሠራተኛውም ይወጣል፣ ይወርዳል። ወባ ደጋውን እንደማይፈራ ታሪክ ያስተምረናል፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ባለው ደጋማ አገር ገብቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘ፣ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። ሌላም አለ። ተማሪ ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ልብስ በማይቀቀልበት ቦታ በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት እስከ ዛሬ ከአገራችን አልጠፋም። ወባንም አገርሺ ትኩሳትንም የሚያሳየው ያው ቀላሉና ርካሹ ነገር ነው፤ በመስታወት ላይ የተቀባች አንዲት ጠብታ ደም፣ አንድ ማይክሮስኮፕና አስተውሎ የሚያይ ዓይን። እኛ ግን ጅቡን ራሱን የሚያሳየንን ትተን ከዱካው ጋር ስንከራከር እንውላለን።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ መበላሸት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለበት በ1945 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ ባልበቃ መጠን መድኃኒት ከቀመሰ መልመዱን አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ደርሷል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ሲንድ በሚባለው አውራጃ የተነሣው ታይፎይድ ከተለመዱት መድኃኒቶች አብዛኞቹን የማይፈራ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ዛሬ ለራስ ምታቱ ሲፕሮ፣ ለጉንፋኑ አሞክሳሲሊን ስንውጥ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን ሲሻለን የቀረውን ፍሬ ለጓደኛ ስንሰጥ፣ ነገ እውነተኛው ታይፎይድ ለሚይዘው ወንድማችን መድኃኒቱን ከእጁ እየነጠቅነው ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። የገበሬ ልጅ የወር ወጪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ ማየት በሽታን ከማየት አይተናነስም።

አባቶቻችን ቆሶ ይጠጡ ነበር። ስሟ ቆሶን በሚያስታውሰን በዚህች ከተማ ስለ ቆሶ ማንሣት ያምርብናል። ቆሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም ነበር። ቆሶ መራራና አድካሚ፣ ሲበዛም የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ሆኖም የሚጠጣው ሰው የትሉን ቁራጭ በዓይኑ ያየ ነበር። የጥሬ ሥጋውን ውጤት ያውቀዋል፤ የሚያሽረውንም ያውቀዋል። እኛ የተማርን ነን የምንል ልጆቹ ግን ያላየነውን ጠላት በማናውቀው መድኃኒት እንመታለን። እንግዲህ ከሁለታችን ይበልጥ ለማስረጃ የሚጨነቀው ማን ነው?

ግራ የሚያጋባው የደም ወረቀት ዊዳል ብቻ አይደለም። ሙሉ የደም ምርመራ ተደርጎለት ከቍጥሮቹ አንዱ አጠገብ «ዝቅተኛ» ወይም «ከፍተኛ» የሚል ምልክት በማየቱ ብቻ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ተማሪ እናውቃለን። «ትክክለኛ» ተብሎ በወረቀቱ ዳር የሚታተመው ወሰን ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በጤነኞቹ ኢትዮጵያውያን ደም ሲዲ ፎር የሚባሉት ሕዋሳት ከሆላንዳውያን አንሰው መገኘታቸውን አሳይቷል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም በብዙ ጤነኞች አፍሪቃውያን ከአውሮፓውያን ያነሱ ናቸው። በተቃራኒው ሄሞግሎቢን በደጋ አገር ከፍ ይላል፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ቀይ ደሙን ያበዛልና። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ተማሪ በቆሰበር አንድ ዓመት ተቀምጦ ቍጥሩ ቢለወጥ ሊደነግጥ አይገባም። ይህን ስንል ወረቀቱን ጣሉት ማለታችን አይደለም። ቍጥር መልስ የሚሆነው ጥያቄ ሲኖረው ነው፤ ጥያቄውን የሚያወጣው ደግሞ በሽተኛውን አይቶ፣ ዳስሶ፣ አነጋግሮ የሚረዳ ሐኪም ነው።

ይህ ትንሹን የማግዘፍ ነገር ነው። ትልቁን ስለ ማቃለልስ ምን እንበል? ለራስ ምታት ሦስት ክሊኒክ የሚዞር ተማሪ ውሻ ሲነክሰው ሱሪውን ብቻ ሰፍቶ ዝም ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ተመላሽ የለውም፤ አስቀድሞ ግን ማዳን ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባቱ ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ነው። ዲከረንስ ሲቆርጥ መጥረቢያ የሳተው፣ በበዓል ቀን ከፈረስ የወደቀ፣ በኳስ ሜዳ ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ወይም አመድ ይነሰነስለታል። ደሙ ቆሞ ይሆናል፤ ቆሻሻው ግን ከውስጥ ተዘጋበት፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚመጣውም በዚህ በር ነው። ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደ ተወጋ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ለቃጠሎም ቅቤና የጥርስ ሳሙና ከመለቅለቅ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ይሻላል። እግሩ ወለም ያለውን ወጌሻ ቢያየው አንቃወምም፤ ነገር ግን የታሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስራቱ በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት። በጠባብ እስራት ደም ቆሞባቸው እጅና እግራቸውን ያጡ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው አብዛኛው ነገር ሳሙና፣ ውኃና ማስተዋል እንጂ ሀብት የሚጠይቅ አይደለም። የደንቢያ ሕዝብ በወባ ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ሠራተኞች አብረው ወደ ገጠሩ የወረዱት ጉድጓድና ምንጭ ከመርፌ እንደሚቀድሙ አምነው ነበር። የአንጀት ተስቦም የሚጠፋው በውኃውና በመጸዳጃ ቤቱ እንጂ በክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው ማኅበራችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በየሕንጻው አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይቀመጥ። ከየሕንጻውም ሁለት ሁለት ተማሪዎች በጤና ባለሙያ ይሠልጥኑ።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በአቅራቢያችን ካሉት የጤና ተቋማት ጋር ይነጋገር። ትኩሳት ያለበት ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ «ባለፈው ወር የት ነበርክ? ወዴት ተጓዝሽ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ከቆላ የመጣ ከሆነም በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለት። ታይፎይድ ከተጠረጠረ ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር ወደሚሠራበት የሚላክበት መንገድ ይፈለግ።

ሦስተኛ፣ እኛ ተማሪዎች ከሐኪም ፊት ስንቀርብ ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ አንፈር፤ «ይህ ምርመራ የሚፈልገው የትኛውን በሽታ ነው? ውጤቱ ቢለያይ ሕክምናው ይለወጣል? አሁኑኑ መድኃኒት ባልጀምር ምን ምልክት ሳይ ልመለስ?» ሐኪሙም «መድኃኒት አያስፈልግህም፤ ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍ» ቢለን እንደ ተናቅን አንቍጠረው። ለመርፌ የምንከፍለውን ያህል ለምክርም እንክፈል።

አራተኛ፣ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ያለፈውን፣ የሚቃዠውን፣ አንገቱ የደረቀውን፣ ትንፋሽ ያጠረውን፣ የጠጣው ሁሉ የሚወጣበትን ጓደኛችንን «ብርድ ነው» ብለን በብርድ ልብስ አንሸፍነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የጓደኛውን የደበቀ ግን ይባስ በነፍስ ይጠየቃል።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር ነው፤ ያመለጠውንም ትምህርት እንደገና ይማራል። ያችን ቁራጭ ወረቀት ከመጽሐፉ ውስጥ አጥፎ አስቀምጧታል። አንዳንድ ጊዜ ያወጣትና ያሳየናል። የመደመር ምልክቶቹ እስከ ዛሬ አልደበዘዙም። እሱ ድኗል፤ ወረቀቷ ግን እስካሁን እንደ ታመመች ናት።